በጀሶ ውስጥ የከረመች

አበዛሽ ጀሶው የሚፈታበት ቀን ካለፋት ሦስት ሳምንት ሆኗል። ከአገጯ ሥር እስከ ዳሌዋ ቀፍድዶ የያዛት ይህ ነጭ ቅርፊት በ1978 ዓ.ም. ጥቅምት ላይ አዲስ አበባ የታሰረላት ነው። ስድስት ወር ቆይታ እዚያው ሄዳ እንድታስፈታ ነበር የታዘዘችው። ሚያዝያ ሲገባ ግን ዝናቡ ከጂንካ አላስወጣ አለ። የአውሮፕላን ማረፊያው ሣር ረግረግ ሆነ፤ የአርባ ምንጩን መንገድም ጎርፍ ቆራረጠው።

አከርካሪዋ ወደ ጎን መጣመም የጀመረው በልጅነቷ ነው። ያኔ ሐኪም አላያትም። አድጋ፣ ትዳር ይዛ፣ ጨውና አቡጀዲ ተሸክማ በካኮና በአልዱባ ገበያዎች ስትነግድ ኖረች። ሠላሳ አራት ዓመት ሲሞላት ግን ሕመሙ እንቅልፍ ነሳት፤ ዳገት ስትወጣ ትንፋሽ ያጥራት ጀመር።

የአዲስ አበባው ሐኪም አልዋሻትም።

«ልጅ ሳለሽ ቢሆን ኖሮ አጥንቱ እሺ ይል ነበር» አላት። «አሁን ደርቋል። ባቃናው ግማሹን ነው። እግርሽም ሊጎዳ ይችላል።»

ባሏ ኤርሳዶ ከከምባታ መጥቶ ጂንካ የከተመ አናጢ ነው። «ተይው፣ እንዲሁ እንኑር» ብሎ ለመናት። እሷ ግን «ሳላለከልክ መኖር አምሮኛል» አለችና ፈረመች።

ከአከርካሪዋ ጋር የብረት ዘንግ ገጠሙላትና አጥንቱ እስኪገጥም ጀሶውን አሰሩላት። ኋላ እንደነገሯት፣ ቀዶ ሕክምናው መሃል ላይ ቀስቅሰው እግሯን እንድታንቀሳቅስ አዝዘዋት ነበር። ቀኙ ታዘዘ፤ ግራው ዘገየ። ከዚያ ወዲህ ግራ እግሯ እየተጎተተ ነው የሚከተላት።

ጂንካ ከተመለሰች በኋላ ዓለሟ የቤቱ ጣሪያ ሆነ። አንገቷን አዙራ በሩን ማየት አትችልም። ወበቁ ሲበረታ ላቡ ከጀሶው ሥር ይወርዳል፤ ማሳከኩ ሊያሳብዳት ይደርሳል፤ እጇ ግን አይደርስለትም። መንግሥት ቤተ ጸሎታቸውን ካሸገ ወዲህ ጎረቤቶቿ እሷ ዘንድ ተሰብስበው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ይጸልያሉ። ሁሉም አንገታቸውን ሲደፉ እሷ ብቻ አገጯን ቀና አድርጋ ትቀራለች።

አንድ ጠዋት ኤርሳዶ መጥፎ ሽታ ሸተተው። ሮጦ የጤና ጣቢያውን ድሬሰር አቶ ንጉሤን ጠራ። ንጉሤ በዳሌዋ በኩል አፍንጫውን ወደ ጀሶው አስጠግቶ ቀና አለ።

«ውስጡ ቆስሏል። ከቆየ መግሉ ወደ ብረቱ ሊዘልቅ ይችላል።»

«እንግዲያው ፍታልኛ!» አለች አበዛሽ።

«በምን ልፍታው እህቴ? ይህን የሚቆርጥ መጋዝ እኔ ዘንድ የለም።»

ንጉሤ ጥግ ላይ ወደተደገፈው የአናጢ መጋዝ አየ። ኤርሳዶ ሁለቱም ወደሱ እንደሚያዩ ሲገባው ወደ ኋላ አፈገፈገ።

«አላደርገውም። እሷ እንጨት አይደለችም።»

«ኤርሳዶ፣ እዚህ ውስጥ መበስበስ አልፈልግም። ቁረጠው።»

እስከ ቀትር ድረስ ጀሶውን በሙቅ ውኃና በአቸቶ አራሱት። ንጉሤ ገላዋ እንዳይነካ ከሥሩ ቀጭን ቆርቆሮ እያስገባ፣ ኤርሳዶ ትንሿን መጋዝ ይዞ በጎኗ በኩል ጀመረ። መጋዙ በሄደ በተመለሰ ቁጥር በጀርባዋ ያለው ብረት ሲንቀጠቀጥ ይሰማታል። ብብቷ ሥር ሲደርስ መጋዙ ተነክሶ ቀረ። ደረቷ የተዘጋ መሰላትና አቃሰተች።

«አትንቀሳቀሺ!» አለ ኤርሳዶ፣ ላቡ በግንባሩ እየወረደ።

«በምኔ ልንቀሳቀስ!»

ንጉሤ ሳቁ አመለጠው። ኤርሳዶም እጁን አራግፎ እንደገና ያዘ።

አመሻሹ ላይ ጀሶው ለሁለት ተከፈለ። አበዛሽ ለስድስት ወር ይህችን ሰዓት ስትናፍቅ ነበር፤ እፎይታው ግን አልመጣም። የሚይዛት ነገር ሲጠፋ መላ አካሏ የሚበታተን መሰላት።

«መልሱልኝ!» ብላ ጮኸች። «ልወድቅ ነው፣ መልሱልኝ!»

ኤርሳዶ መጋዙን ጥሎ በሁለት ክንዱ አቀፋት። መንቀጥቀጧ እስኪበርድ አለቀቃትም።

ቁስሉ በወር ዳነ። ሰኔ ላይ አውሮፕላን ሲገኝ አዲስ አበባ ሄደች። ራጁ አጥንቷ መግጠሙን አሳየ፤ ጥመቱም በግማሽ ቀንሷል። ትንፋሿ ተመለሰ፤ ሕመሙ ቀለል አለ እንጂ አልጠፋም። እግሯ ግን እንደዚያው ቀረ። ብረቱ ዕድሜ ልኳን አብሯት እንደሚኖር ሐኪሙ ነገራት። ጫማዋን የሚያስርላት ኤርሳዶ ነው። አልዱባ መሄዱ ቀርቶ ደጇ ላይ ተቀምጣ ጨው ትሸጣለች።

በዓመቱ ጂንካ አጠገብ ካለችው ከገዘር አንዲት እናት የአሥራ ሁለት ዓመት ልጇን ይዛ መጣች። የልጅቷ አንድ ትከሻ ከሌላው ከፍ ብሏል።

«ምን ትመክሪኛለሽ?» አለች እናትየዋ። «ሲያዩሽ ደህና ነሽ።»

አበዛሽ ዘወር ብላ ነጠላዋን ዝቅ አደረገችና ከማጅራቷ እስከ ወገቧ የወረደውን ጠባሳ አሳየቻቸው። ልጅቷ በጣቷ ጫፍ ነካ አደረገችው።

«እትዬ፣ መጎንበስ ይችላሉ?»

«አልችልም፣ ልጄ» አለች አበዛሽ። ከዚያም ወደ እናትየዋ ዞረች። «እኔ ዘግይቼ ነው የሄድኩት። አንቺ ግን ዝናቡ ሳይገባ ዛሬውኑ የአዲስ አበባ ትኬት ጠይቂ።»