አልያዝ ያለችው ዜማ

ተናኘወርቅ ወንድሟን እንደሻውን ለዜማ ትምህርት የሰጠች ዕለት ጎረቤቱን ሁሉ ጠርታ አብልታ ነበር። አሁን ያችን ድግስ ባስታወሰች ቁጥር የወጣው ሽሮ ያንገበግባታል። ልጁ ደብተራ ይሆንልኛል ስትል ጨርቁን ሊጥል ምንም አልቀረው።

መምህሩ የኔታ ሳህሉ ለመጪው ንግሥ ዜማውን እንዲመራ ከተማሪዎቻቸው ሁሉ እሱን መረጡ። ከዚያ ወዲህ እንደሻው እህል አይቀምስ፣ ጎኑን አያሳርፍ። የላምባ ጣሳውም፣ የዱቄት እንስራውም፣ አንድ ቀን ደግሞ ጎንበስ ያለ የእንግዳ ጀርባም ከበሮ ሆነውለታል። ይባስ ብሎ የዜማ ምልክት በየቦታው ይታየው ጀመር። በከተማዋ መግቢያ በኤረር በር የግንቡን ስንጥቅ እያየ "ይቺ ጭረት፣ ይቺ ደረት" ብሎ ቆሞ ሲያዜም፣ ጫት የጫኑ አህዮች መተላለፊያ አጥተው ተከማቹ። አንድ ጧት የእህቱን ግንባር ትክ ብሎ አየና የግንባሯን መስመር በዜማ አወጣላት። ተናኘወርቅ ሳቀች፤ ሳቋን ሳትጨርስ ልብሱ እንደሰፋበት አየችና አለቀሰች።

ሰዉ "አብሾ ጠጥቶ ነው" ይላል፤ ለትምህርት አእምሮ ይከፍታል የሚባለውን፣ ሲከፋ ደግሞ የሚያሳብደውን መድኃኒት ማለቱ ነው። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነውና እንደሻው ይህን አልሰማም። ቢሰማም ጊዜ የለውም። በዜማው መካከል ድምፅ ሰበር ብሎ የሚነሣባት አንዲት ቦታ አለች፤ እሷን እንደ የኔታ ማውጣት አቃተው። "አልያዘችም" ይላል፤ ከሥሩ ይጀምራል።

ስፌት የምትሸጠው የጁገል ተወላጅ ጎረቤቷ ዐብላ አዘነችላት። "ወላሂ ተናኜ፣ የኛም ደረሳዎች ቁርኣን ሲያጠኑ እንዲህ የሚሆኑ አሉ። እናት ብታለቅስ አይሰሙም። ሼኹ 'በቃ' ሲላቸው ነው የሚተኙት። መምህሩ ዘንድ ሂጂ።"

ሄደች። የኔታ ግን መቋሚያቸውን ተደግፈው "ዜማ ያላሰቃየው አያውቀውም፤ ተይው ያጥና" አሉ።

ደሟ ፈላ። እግዜር ይቅር ይበላትና እዚያው ቆማ ውሸት ፈጠረች።

"ያጥና ብዬ ነበር፤ የሚያወራው ነገር ግን አላማረኝም።"

"ምን ይላል?"

"የኔታ ያቺን ሰበር የምትለዋን ቦታ ይሳሳቷታል ይላል።"

በዜማ የመጣባቸውን የኔታ ከሃይማኖት እንደወጣ ነው የሚቆጥሩት። ነጠላቸው መሬት እየጠረገ፣ ሰላምታ ሳይመልሱ ፈረስ መጋላ አደባባይን አቋርጠው ገሠገሡ። ተናኘወርቅ ቁጣቸው ልጁን ጨርሶ እንዳያሳብደው ፈርታ፣ ምላሷን እየረገመች ከኋላ ሮጠች።

እንደሻውን ጣሳው ላይ ተደፍቶ አገኙት።

"እስቲ ያቺን ቦታ አውጣት!" አሉ የኔታ።

ልጁ አዜመ። ቦታዋ ላይ ሲደርስ ጉሮሮውን ጠረግ፣ ድምፁን ቆረጥ፣ "እህህ" አድርጎ ተነሣ።

"ድገማት።"

ደገማት። የየኔታ ቁጣ ከፊታቸው ላይ ወረደ።

"ይህችን ከማን ተማርክ?"

"ከእርስዎ የኔታ፤ መጀመሪያ ያሰሙን ዕለት። እንደ እርስዎ ስላልሆነችልኝ ፊትዎ ላወጣት አፈርኩ።"

ዜማ ከመምህር አፍ ነው የሚወረሰው፤ ተማሪ የሰማውን አይመርጥም። የኔታ ወደ በሩ አዩ። ለተማሪ የራስን ጥፋት መናገር ለእሳቸው ጥርስ ከመነቀል ይብሳል። ተናኘወርቅ ዓይኗን ተከለችባቸው፤ አሁን ዝም ብለው ከወጡ ወንድሟ ማለቁ ነው።

"ልጄ" አሉ በመጨረሻ፣ "ያን ዕለት ጉንፋን ይዞኝ ነበር። ያጠናኸው ሳሌን ነው።"

እንደሻው አፍጥጦ አያቸው። ከዚያ ሳቀ፤ ሳቁ ወደ ልቅሶ ዞረ፤ ልቅሶው ሳያልቅ መደቡ ላይ ክንብል ብሎ ተኛ። የኔታ ነጠላቸውን አውልቀው አለበሱት፤ ተናኘወርቅን ግን አፍረው ቀና ብለው አላዩአትም።

"ሌሎቹም ይህችን ሳል ይዘዋት ይሆን እንዴ?" አሉ ቀስ ብለው።

"የሌሎቹን አላውቅም የኔታ። ይኼኛው ግን ሊሞትባት ነበር።"

የኔታ ወጥተው ደጃፉ ላይ ተቀመጡ፤ እንደሻው እንዳይነቃ ያን ቀን በዚያ መንገድ እያዜመ ያለፈውን ተማሪ ሁሉ በመቋሚያ አባረሩት።