ደበርጃኑ ገና ይበርደዋል

ደበርጃን ብርድ አይወድም። ቲማቲም ቢበርደው አኩርፎ ይቆይና ፀሐይ ሲያይ ይታረቃል። ደበርጃን ግን አንዴ ብርድ ከመታው ቅጠሉ ቢጫ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ ቢለምኑትም አያድግም። ይህን የነገረኝ ባለቤቴ ኡበይደላ ነው። ጅዳ አትክልት ቦታ ሲሠራ ኖሮ ሲመለስ፣ ሌላው ሰው ለሚስቱ ወርቅ ሲያመጣ እሱ ያመጣልኝ የደበርጃን ዘር ነበር። ያኔ ስቄበታለሁ። በኋላ የወልድያ ሆቴሎች ሲሻሙበት ሳቄን ዋጥኩ።

ቤታችን ከሲሪንቃ ከፍ ብሎ ተራራው ሥር ነው። መርሳ ያሉት ችግኝ ሲያዛውሩ እኛ ዘንድ ሌሊቱ ገና ያንቀጠቅጣል። ስለዚህ ዘሩን በጣሳ እንዘራና ቀን ፀሐይ እያስሞቅን፣ ማታ ቤት እያስገባን እንጠብቃለን። እኔ ቶሎ ይውጣ ባይ ነኝ። ኡበይደላ "የቸኮለ አፍስሶ ለቀመ" እያለ ያበግነኛል። ጎህ ሲቀድ ለሱብሒ ሶላት ታጥቦ ውዱእ ያደርግና እጁን ሳያደርቅ የአትክልት መደቡ አፈር ውስጥ ይከተዋል። አፈሩ ከቀዘቀዘው "ገና ነው" ይላል። እጁን ካሞቀው በዚያው ቀን እንተክላለን። ከአባቱ ያየው ነው፤ አማቼ ሼህ ጀብሪል ለበርበሬ ችግኝ እንዲያ ያደርጉ ነበር።

በ2013 ነሐሴ ኡበይደላ ደበርጃን ጭኖ ወልድያ ሄደ። በማግስቱ ጦርነቱ ደረሰ፤ መንገዱ ተዘጋ፣ ስልኩም ተቋረጠ። ታኅሣሥ ላይ መንገዱ ሲከፈት የሸሸውም የተደበቀውም ተመለሰ። የእኔ ሰው አልተመለሰም። አንድ ነጋዴ "ሐራ አጠገብ ወድቆ ያየሁት ሰው ልብሱ የእሱን ይመስላል" አለ። ልብስማ ይመስላል። ገበያ ሙሉ የተሰቀለ ሸሚዝ ለእኔ ባል ብቻ አልተሰፋም።

አማቼ ግን አመኑ። ጥር ላይ መጥተው በረንዳው ላይ ተቀመጡ።

"አብሽሪ ልጄ። እንስገድለት፣ ሰደቃውም ይውጣለት። ልጄ ያለ ዱዓ አይቅርብኝ" አሉኝ።

ከሞቱ ይልቅ ሳይሰገድለት መቅረቱ ነበር የሚያንገበግባቸው። እምቢ እንዳልል አባቱ ናቸው። እሺ እንዳልል በአፌ ልገድለው ሆነ። ዓይኔ ጣሳዎቹ ላይ አረፈ። ኡበይደላ ለዘር ብሎ ጣራ ሥር ከሰቀለው ፍሬ የዘራኋቸው ነበሩ፤ ገና ብቅ ማለታቸው ነው።

"አባባ፣ የተወውን ዘር መሬት ላድርስለት። ችግኙን ያዛወርኩ ዕለት ለቅሶ እቀመጣለሁ፤ አንቱ ያሉት ይሆናል" አልኳቸው።

"መቼ ነው?"

"ብርዱ ሲወጣ።"

የአፈር ሰው ናቸውና ቃሌን ተቀብለው ሄዱ።

የካቲት አለቀ፣ ሌሊቱም ለዘበ። "ተራራው ገና ብርድ ይተነፍሳል" እያልኩ ሳልተክል ቀረሁ። መጋቢት ገባ፤ "ትናንት በርዶ ነበር" አልኩ። ጎረቤቴ ወይንሸት የጉባ ላፍቶ ደጋ ልጅ ናት፤ ብርድን ከእኔ በላይ ታውቀዋለች።

"ዓቢዳ፣ ይሄ ብርድ አንቺ ቤት ብቻ ነው እንዴ የሚያድረው?" አለችኝ።

እውነቷን ነው። እኔ ቤት ብቻ ነበር የሚያድረው።

ችግኞቹ ግን ውሸቴን አልተቀበሉም። ጣሳው ጠበባቸው፣ ሥሮቻቸው በቀዳዳው ወጡ። አንዱ እዚያው ጣሳው ውስጥ ወይን ጠጅ አበባ አወጣ። ኡበይደላ በየዓመቱ የመጀመሪያዋን አበባ ቀንጥሶ ጆሮዬ ላይ ይሰካልኝ ነበር። እኔ ደግሞ "ፍሬ ታባክናለህ" ብዬ እቆጣዋለሁ። አበባዋን ሳያት ናፈቀኝ። ምነው መጥቶ ሁሉንም ባባከነው።

አንድ ማለዳ ስወጣ አማቼን ግቢው ውስጥ አገኘኋቸው። ከበርሜላችን ቀድተው ውዱእ ጨርሰዋል፤ ከእጃቸው ውኃው ይንጠባጠባል። አበባዋን ከአጥር ውጭ ሆነው ሳያዩዋት አልቀሩም። መደቡ ዳር በርከክ አሉና እጃቸውን አፈሩ ውስጥ ከተቱ።

አፈሩ ሞቆ ነበር። አውቀዋለሁ፤ በየማለዳው እጄን እየከተትኩ ሳወጣ ሰንብቻለሁ። ማምለጫ አልነበረኝም።

"አባባ፣ ዛሬ እተክለዋለሁ። ሰውም ይጠራ" አልኩ።

እጃቸውን ሳያወጡ ቆዩ፤ አንገታቸውን ደፍተው የሞቀውን አፈር በጣታቸው አሹት። ከዚያ ቀስ ብለው ተነሡና አፈሩን አራገፉ።

"ገና ነው ልጄ" አሉ። "ይቀዘቅዛል።"

ፀሐይዋ ወጥታ ነበር። አማቼ ጣሳዎቹን አንድ በአንድ እያነሡ፣ ብርድ እንዳይመታቸው፣ ወደ ቤት አስገቧቸው።