ዉ ሻ

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። የሐዳሳን የቻይና ስም ግን መልአክ አላወጣውም፤ መክብብ ነው ያወጣው። መክብብን የሚያውቅ ሰው ደግሞ ከመላእክት ወገን አለመሆኑን ያውቃል።

ሐዳሳ ወርቁ ሐዋሳ ጫፍ ላይ ካሉት የልብስ ፋብሪካዎች በአንዱ አስተርጓሚ ሆና ገባች። ቻይንኛውን የተማረችው ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ያንን እንደ ጥልፍ የተወሳሰበ ፊደል ሳይቀር ጣቷ እስኪሻክር እየጻፈች ተምራዋለች። የሙከራ ጊዜዋ ሲያልቅ ሥራ አስኪያጇ ማዳም ሊን ቢሮዋ አስጠራቻትና፣ በቋሚነት ልትቀጠር መሆኗን፣ ነገር ግን የቻይና ስም እንደሚያስፈልጋት ነገረቻት።

«አለኝ እኮ» አለች ሐዳሳ። ክፍል ውስጥ ስትጠራበት የነበረውን፣ ስሟን እንዳለ በሦስት የቻይና ፊደል የተጻፈውን አሳየቻት።

ማዳም ሊን አንብባ ሳቀች። «ሃ-ዳ-ሳ። ይሄ የመድኃኒት ስም ነው የሚመስለው። ቻይና ያለው ዋናው መሥሪያ ቤት ገና ሲያየው የውጭ አገር ሰው መሆንሽን ያውቃል። ደግሞም ይከብዳል። ለእኛ ጆሮ የማይጎረብጥ፣ እውነተኛ ስም ይኑርሽ።»

እንግዲህ ሐዳሳ በዕድሜዋ ለመጀመሪያ ጊዜ የውጭ አገር ሰው ሆነች፤ ያውም ተወልዳ ባደገችበት በሐዋሳ። ቢሆንም አልከፋትም። ቋንቋውን ትወደዋለች፤ በሚወዱት ቋንቋ ስም ማግኘት ደግሞ ቤት እንደማግኘት ነው። ደንቡንም ታውቀዋለች። የቤተሰብ ስም ይቀድማል፤ እሱም ከታወቁት የጥንት ስሞች አንዱ መሆን አለበት። የራስ ስም ከአንድ ወይም ከሁለት ፊደል አይበልጥም። በሁለቱም ውስጥ የትውልድ ስም ጠረን ቢኖርበት ደግሞ እሰየው ነው። ስሙን መርጦ እንዲያቀርብ የታዘዘው ነባሩ አስተርጓሚ መክብብ ነበር።

መክብብ ቻይንኛን የለቀመው ከመንገድ ሥራ ካምፕ ነው። አንድ ፊደል አያነብም፤ አፉ ግን አይዘጋም። በዚህ ማንም አይነቅፈውም፤ ከካምፕ ቋንቋ መልቀም ራሱ ጀግንነት ነው። የሚያስጠላው ሌላው ነገሩ ነው። ከአለቆች ፊት ወገቡ ይሰበራል፣ ከሠራተኛ ፊት ደረቱ ይነፋል፤ ሐዳሳ ከመጣች ወዲህ ማዳም ሊን ደብዳቤ ሲኖራት እሷን መጥራት ስለጀመረች ደግሞ ሰላምታው ሁሉ እሾህ ሆኗል። የራሱን የቻይና ስም ያወጣው ራሱ ነው። ዋንግ ንጉሥ ማለት እንደሆነ ሰማ። «አንዱ ዋንግ ንጉሥ ከሆነ፣ ሁለት ዋንግ ንጉሠ ነገሥት ነው!» አለና «ዋንግ ዋንግ በሉኝ» ብሎ አወጀ። ቻይናዎቹ አፋቸውን በእጃቸው ሸፍነው አጸደቁለት፤ እሱ አክብሮት መሰለው። ሐዳሳ ያ ስም በቻይና ጆሮ ምን እንደሚመስል ገና በመጀመሪያው ቀን ገብቷታል። በሰው ስም አይሳቅም ብላ ግን ትንፍሽ አላለችም።

መክብብ ስሙን ይዞ መጣ። ከአባቷ ከወርቁ «ዉ»ን ወሰደ፤ ዉ የታወቀ የቻይና የቤተሰብ ስም ነው። ከሐዳሳ የመጨረሻዋን «ሳ» ወሰደ፤ ቻይናዎች ሊሳ የሚለውን የፈረንጅ ስም ሊሻ ብለው ስለሚጽፉ ሳ ሻ ሆነ፤ ፊደሉንም አንድ ቻይናዊ ጻፈለት፣ በአናቱ ላይ የሣር ምልክት ያለበትን የሴት ልጅ ስም ፊደል። ዉ ሻ። ማዳም ሊን እጇን አጨበጨበች። «ይህንን ስም የያዘች አብራኝ የተማረች ልጅ ነበረች!» አለች።

አንባቢዬ ቀድሞ ሰምቶታል፤ ሐዳሳ ግን አልሰማችውም። አይፈረድባትም። በቻይንኛ ዉ ሲባል ድምፅ ሽቅብ ይወጣል፣ ሻ ሲባል ከላይ ሜዳ ላይ እንደተዘረጋ ይቆያል። ከመስታወት ፊት ቆማ እንደ መዝሙር ስትለማመደው ሰነበተች። በቻይንኛ ጆሮዋ ስለሰማችው የእናቷን ቋንቋ አላስታወሳትም።

ያስታወሰቻት የበር ፈታሿ ሙሉጌጥ ናት። አዲሱ የደረት ባጅ ላይ ከቻይንኛው ሥር በአማርኛ ፊደልም ተጽፎ ነበር። ሙሉጌጥ ቦርሳዋን ፈትሻ ስታበቃ ባጁን በጣቷ ቀና አድርጋ አነበበችው።

«ዉ… ሻ። ውይ በስማም! ልጄ፣ ማነው እንዲህ ብሎ የጻፈብሽ?»

ሐዳሳ ወደ ደረቷ ተመለከተች። ፊደሎቹ እዚያው ናቸው፤ ጠዋት ባጁን ስታጠልቀው አይታቸዋለች። አሁን ግን ሽቅብ የሚወጣ ድምፅ የለም፣ ሜዳ የለም። ባዶ አማርኛ ብቻ ነው። 

በቀጥታ መክብብ ዘንድ ሄደች። ሻይ ውስጥ ብስኩት እየነከረ ይበላ ነበር።

«ይሄን ሆን ብለህ ነው ያደረግኸው?»

«ምኑን?»

«ይሄን።» ባጁን ዘረጋችለት። ቃሉን ልትጠራው አልቻለችም።

«ምን ነካሽ፣ ቻይንኛው ንጹሕ ነው እኮ። የተማርሽው አንቺ ነሽ፤ ስህተት ካለበት አሳዪኝ!» የራሰ ብስኩት ጥርሱ ላይ ተለጥፎ ነበር፤ ሲስቅ ወደ ከንፈሩ ወረደ። «ደግሞስ ውሻ ምን ይወጣላታል? ታማኝ ናት። ውሻ በበላበት ይጮሃል አይደል የሚባለው? አንቺም ጩሂላቸዋ!»

ስህተት ልታሳየው አልቻለችም፤ ስህተት የለበትማ። ያንገበገባት ይህ ነበር። የምትወደውን ቋንቋ፣ ደንቡን አንድም ሳያጎድል፣ እንደ ቆሻሻ መጥረጊያ ጨርቅ ተጠቅሞበታል። ቢሳሳት ኖሮ ይቅር በተባለ።

ማዳም ሊን ዘንድ ገባች። በቻይንኛ አፏን ከፈተች፤ «እኔን ውሻ ነው የሚሉኝ» የሚለው ግን በየትኛውም ቋንቋ አልወጣ አላት። «ይህ ስም በእኛ ቋንቋ ጥሩ ትርጉም የለውም» ብቻ አለች።

«አይዞሽ፣ ድምፅ ብቻ ነው፤ ይለምዱታል» አለች ማዳም ሊን። «ለዋናው መሥሪያ ቤት ተልኳል። ሰኞ እንግዶች ይመጣሉ፤ በዚሁ ስም ተዋውቀሽ ውልሽን ትፈርሚያለሽ።»

እስከ ምሳ ሰዓት ወሬው ስፌት ክፍሉን አዳርሶት ነበር። ሐዳሳ በማሽኖቹ መካከል ስታልፍ ከኋላ አንዷ «ውው!» ትላለች፤ ዞር ስትል ሁሉም አንገቱን ደፍቶ ይሰፋል። አብረው ሻይ የሚጠጡ፣ ሲታመሙ የፈቃድ ጥያቄ የተረጎመችላቸው ልጆች ናቸው።

ቅዳሜ ከአባቷ ጋር ዓሣ ሊገዙ ሐይቁ ዳር ወዳለው የአሞራ ገደል ገበያ ወረዱ። አቶ ወርቁ በቤተ ክርስቲያናቸው ሽማግሌ ናቸው፤ ነገር የማያበዙ፣ ዓሣ ሲመርጡ ግን ጉንጩን ገልጠው ቀይነቱን ሳያዩ የማይገዙ ሰው። ጭቃው ላይ የዓሣ ሆድ ዕቃ ተከምሮ፣ አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ አሞራዎች ዙሪያውን ከበው ይናጠቃሉ። ከወዲያ በኩል የዓሣ ሾርባ የሚጠጡ ሦስት ሴቶች ነበሩ፤ የፋብሪካው ልጆች።

«ዉ ሻ!» አለች አንዷ። «ነይ ቅመሺ፣ አባ ኮዳ ሳይቀድምሽ!»

ከጭቃው ላይ በዝልግልግ የተሸፈነ የዓሣ አንጀት አንሥታ ወረወረች። የሐዳሳ ጫማ ላይ አረፈ። «ውው! ውው!» እያሉ ከንፈራቸው ላይ የሾርባ ቅባት እያብለጨለጨ ሳቁ።

አቶ ወርቁ የያዙትን ዓሣ መለሱ። ጎንበስ ብለው በመሐረባቸው የልጃቸውን ጫማ ጠረጉ፣ መሐረቡንም እዚያው ጣሉት። መንገድ ላይ ሁሉንም ጠየቋት፤ እሷም ነገረቻቸው። 

«የመጽሐፍ ቅዱሷ ሐዳሳም የሰው አገር ንጉሥ ቤት ስትገባ ሌላ ስም ነበራት» አሉ አባቷ የቤታቸው በር ላይ ቆመው። «አስቴር ነው የተባለችው። ውሻ አልተባለችም።»

«አባዬ፣ ሥራው…»

«ሥራሽን ሥሪ። ማን ከለከለሽ? ግን ሰኞ ማታ ስትመጪ በስምሽ ግቢ። ያንን የምትሸከሚ ከሆነ ደግሞ እኔ ያወጣሁልሽን መልሺልኝ፤ ለሁለቱ የሚሆን ቤት የለኝም።»

ሰኞ ሠራተኛው ሁሉ አዳራሽ ተሰበሰበ። ከቻይና የመጡት ሁለት ሽማግሌዎችና አንዲት ሴት ከፊት ተቀመጡ። መክብብ ከረባት አስሮ፣ ማይኩን ከንፈሩ ላይ ለጥፎ፣ የቢሮ ሠራተኞቹን አንድ በአንድ ያስተዋውቃል። የሐዳሳ ተራ ሲደርስ ትንፋሹን ሳበ። ስሙን በቻይንኛ ቃና አልጠራውም። በአማርኛ፣ ረግጦ፣ አላምጦ ጠራው።

«ዉ… ሻ!»

አዳራሹ ፈነዳ። ከኋላ «ውው» ተባለ፣ ከጎን ተመለሰ። እንግዶቹ ምን እንደሆነ ሳይገባቸው አብረው ፈገግ አሉ። ማዳም ሊን ግን ቅንድቧን ሰብስባ «ለምንድነው የሚስቁት?» ብላ ጠየቀች።

«ስለሚወዷት ነው፣ ማዳም!» አለ መክብብ ፈጠን ብሎ።

ሐዳሳ ወደ እንግዶቹ ዞረች። የአባቷ መሐረብ ጭቃው ላይ ታያት። በቻይንኛ፣ ቃናውን ሳታዛባ፣ እንግዶቹ ሁሉ እንዲሰሙ ተናገረች። «ዉ ሻ በእኛ ቋንቋ ውሻ ማለት ነው። ሳምንቱን ሙሉ እየጮኹብኝ ነው። የሚስቁት ለዚህ ነው።»

የማዳም ሊን ፊት ቀላ። «ጥሩ ትርጉም የለውም ብቻ ነበር እኮ ያልሽኝ!»

«አፌ እምቢ ብሎኝ ነው።»

ማዳም ሊን ወደ መክብብ ዞረች። «አንተ ታውቅ ነበር? ዋንግ ዋንግ! ታውቅ ነበር ወይ?»

ስሙ ሲጠራ አንዱ ሽማግሌ እንግዳ ሳቁን መያዝ አቅቶት ቡፍ አለ። ሴትየዋ ፊቷን በወረቀት ጋረደች። መክብብ ግራ ቀኝ አየ። ማይኩን ከአፉ ማራቅ ረስቶ «ምንድነው የሚስቁት? ምን ተባለ? ተርጉሚልኝ እንጂ!» አለ። አዳራሹ በሙሉ ሰማው።

ይህን መልስ ሐዳሳ ከመጀመሪያው ቀን አንሥቶ አፏ ውስጥ ይዛው ኖራለች። አሁን ግን ተጠየቀች፤ አስተርጓሚ ደግሞ የተጠየቀውን ይተረጉማል።

«በስምህ ነው የሚስቁት» አለች በአማርኛ፣ ወደ ማይኩ ተጠግታ። «በእነሱ አገር ውሻ ሲጮኽ ዋንግ ዋንግ ነው የሚለው።»

 ከዚያ ሁሉም በአንድ ጊዜ «ዋንግ! ዋንግ!» ይል ጀመር። አሞራ ገደል የነበሩት ሦስቱ ቀደሙ፤ ወንበር ላይ ወጥተው፣ አንገታቸውን አስግገው መክብብ ላይ ጮኹበት። ቅድም ሐዳሳ ላይ የጮኹት አፎች ናቸው፤ አንጀት የወረወረው እጅ ነው አሁን ለእሷ የሚያጨበጭበው። አንዷማ ጥቅሻ ላከችላት፣ «አበጀሽ» ለማለት። ሽማግሌው እንግዳ የሳቅ እንባውን ይጠርጋል። መክብብ የለመደው የአለቆች ፈገግታ ፊቱ ላይ ደርቆ ቀርቶ፣ ለማን እንደሚፈግግ ጠፍቶታል።

ደስ ሊላት ይገባ ነበር። አላላትም።  መክብብ አስጠላት፣ የሚጮኹበት አስጠሏት፣ ያ ቃል ከአፏ ሲወጣ የተወላት ጣዕምም አስጠላት፤ የገማ ዓሣ የላሰች ያህል።

«ዝም እንዲሉ ንገሪያቸው!» አለች ማዳም ሊን ጠረጴዛ እየመታች።

ሐዳሳ ማይኩን ከመክብብ እጅ ወሰደች። በላቡ ርሷል። በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው።

«ዝም በሉ ተብላችኋል» አለች። «ይሄ የእሷ ነው። የእኔ ደግሞ ይኸውላችሁ፤ ያ አፋችሁ ያስጠላል። በእሱም ላይ ቢሆን ያስጠላል።»

ጩኸቱ እየተቆራረጠ ሞተ። ልጆቹ ከወንበሩ ወረዱ። ሐዳሳ ባጁን ከአንገቷ አውልቃ በማዳም ሊን ፊት፣ ካልተፈረመው ውል ላይ አስቀመጠችው።

«ሐዳሳ ወርቁ እባላለሁ» አለች በአማርኛ። ከዚያ ለእንግዶቹ በቻይንኛ ደገመችው፤ ስሟን ግን ሳታሳጥር፣ ሳ ሻ ሳይሆን፣ ወርቁም ከኋላ ሆኖ፣ አባት ባለበት ቦታ።

ማዳም ሊን ባጁን አየች፣ ብዕሩን አየች። በከንፈሯ ሞከረችው። «ሃ… ዳ… ወር…» ራሷን ነቀነቀች። «ይከብዳል እኮ!»

«ይክበድ» አለች ሐዳሳ።

ያለችው በአማርኛ ነበር። ማዳም ሊን እስክትተረጉምላት ጠበቀች። ሐዳሳ አልተረጎመችላትም።