ሎሚ ሎሚ የሚሸተው ሳጥን

የዛን ቀን የሮጥኩትን ሩጫ ያየ ሰው ሌባ የማባርር ሳይመስለው አይቀርም። ግን ከማርከሩ ልጀምር፤ ጣጣውን ያመጣው እሱ ነው። እሺ፣ የገዛሁት እኔ ነኝ።

የምሠራው ለመድኃኒት የሚሆን ካናቢስ በፈቃድ የሚበቅልበት ግሪንሃውስ ውስጥ ነው። ሰው ሥራዬን ሲሰማ ይስቅና «ታዲያ እንዴት ቆመሽ ትሄጃለሽ?» ይለኛል። ወይ ጉድ! ካናቢስ ሁሉ አንድ መስሎታል። አናት የሚያዞር ዓይነት አለ፤ እሱም ሐኪም ሲያዝ ለብርቱ ሕመም ይሆናል። ጭራሽ የማያሰክር፣ ዘይቱ ግን የሚጥል በሽታ ያለባቸውን አንዳንድ ልጆች የሚረዳ ዓይነትም አለ። እኔ ዓይኔን የማልነቅለው ከዚህኛው ላይ ነው፤ የእህቴ ልጅ ሚጡ በሱ ነው ያለችው። ዘይቱን ከጀመረች ወዲህ መውደቋ ቀንሶ ትምህርት ቤት ገብታለች። ያን ሰሞን ግን መድኃኒት ቤቱ ሊያልቅበት ነበር፣ የምንተካለት ደግሞ እኛ ነን።

የሁለቱም ዓይነት ችግኝ ከሌላ እርሻ በሁለት ሳጥን መጣልን። ሌላ እናስመጣ ብንል ፈቃዱ ብቻ ዓመት ይፈጃል። እኔ ሆዬ በየሳጥኑ ላይ ዓይነቱን በሚያምር ሐምራዊ ማርከር ጻፍኩ። በኛ ሥራ የሚጻፈው በእርሳስ ነው፤ እርሳስ ውሃ አያጥበውም። በማግስቱ ስገባ ከላይ የሚረጨው ውሃ ጽሑፌን ሙልጭ አድርጎ ወስዶታል! የጽዳት ሠራተኛዋም መደርደሪያውን ስትወለውል ሳጥኖቹን አቀያይራቸዋለች።

የላብራቶሪው ሰውዬ፣ ስኳሩን ሳይመዝን ሻይ ስለማይጠጣ «ሚዛኑ» የምንለው፣ ከሁለቱም ቅጠል ቆርጦ ወሰደ።

«ውጤቱ እስኪደርስ እንዳትነኪያቸው» አለኝ።

«የምን ውጤት? ሰፊ ቅጠል ያለው የሚያረጋጋው ነው፣ ቀጭኑ አናት የሚያዞረው። ይኼን ማን አጣው!»

«ሁሉም እንደዛ ይላል፣ ሁሉም ይሳሳታል። ቅጠሉም ሽታውም ውስጡ ያለውን አይነግርሽም። ተይ እንጂ፣ ታገሺ።»

እኔና ትዕግሥት ደግሞ አንተዋወቅም። እሱ ሲወጣ ሁለቱንም አሸተትኩ። ሰፊው አፈር አፈር ይሸታል፣ ቀጭኑ ሎሚ ሎሚ። በቃ! ሎሚ ያነቃል እንጂ መቼ ያረጋጋል? አናት የሚያዞር ነገር ተሳስቶ ሚጡ ዘይት ውስጥ ከሚገባ ይቃጠል ብዬ ቀጭኑን ሳጥን ለሽማግሌው ጥበቃችን ሰጠኋቸው። መለያ የሌለው ተክል ማቃጠያ ይገባል፣ ደንቡም ይኸው ነው። ደስ ብሎኝ እጄን ታጠብኩ።

እጄ ሳይደርቅ ሚዛኑ እየሮጠ መጣ። ሚዛኑ! ለእሳት አደጋ እንኳ ቀስ ብሎ የሚራመደው ሰውዬ!

«ቀጭኑ ነው! የማያሰክረው ቀጭኑ ነው! ሰፊው ነው አናት የሚያዞረው!»

ከዛ በኋላ እግሬ መሬት መንካቱን አላውቅም። በጓሮው በር ስወጣ ከማቃጠያው ጭስ ይወጣል። ሚጡዬ፣ አልኩ፣ ገደልኩሽ።

«ጋሼ! ጋሼ! እንዳይከቱት!»

ጥበቃው ሳጥኑን ማቃጠያው አፍ ላይ ይዘውት ቆመዋል። «ምን ሆነሻል ልጄ? ራስሽ አይደለሽ እንዴ ያቃጥሉት ያልሽኝ?»

ነጠቅኳቸው። ዳር ዳር ያሉት ችግኞች በሙቀቱ ጠውልገዋል፤ መሐል ያሉት ግን አረንጓዴ ናቸው። እዛው መሬት ላይ ዘጭ ብዬ ሳጥኑን አቅፌ ሳቅኩ፣ አለቀስኩም። ስልኬ ጮኸ። እህቴ ናት።

«ምነው ታለከልኪያለሽ?»

«ስፖርት ጀምሬ።»

«አንቺ? ሂጂ ወዲያ! የሚጡ መድኃኒትስ እንዴት ሆነ?»

«አለ» አልኳት። «አለ፣ እህቴ። እቅፌ ውስጥ ነው።»

ሚዛኑ ቁና ቁና እየተነፈሰ ደረሰና ጆሮው ላይ ከሰካው እርሳስ ጋር አዲስ መለያ ሰጠኝ። የዓይነቱን ስም ትቼ «ሚጡ» ብዬ ጻፍኩ። እንዲህ አይጻፍም ብሎ ይቆጣኛል ብዬ ስጠብቅ እርሳሱን ተቀበለኝ፤ ጽሑፉን አየት አደረገና ከሥሩ ጨመረበት፦

«አይነካም። በተለይ በአክስቷ።»