ጠማማውን የሚያቃና ቋንቋ

ቋንቋውን የወለደው ንዴት ነው። ባልደረቦቹ «አቶ ሙግት» የሚሉት ፕሮግራመር የእህቱን ጣቶች ባየ ቁጥር ይናደድ ነበር። እህቱ ጫማ ሰፊ ናት፤ ያውም የተሰበረ፣ የጠመመ ወይም ከጓደኛው ያነሰ እግር ላላቸው ሰዎች የምትሰፋ። ለእያንዳንዱ እግር ፎርማውን፣ ቆዳው የሚወጠርበትን የእግር አምሳያ፣ ከእንጨት ትጠርብ ነበር። ቁርጥማት ጣቶቿን ሲያኮማትራቸው ቢላው ከእጇ መውደቅ ጀመረ።

መጀመሪያ መሐንዲሶች የሚጠቀሙበትን የቅርጽ መሥሪያ ፕሮግራም አመጣላት። እሷ ስክሪኑን የሞላውን የምልክት መንጋ አየችና፣ «ወንድምዓለም፣ ይሄ ጫማ የሚሰፋ ነው አውሮፕላን የሚያበር?» አለችው።

አቶ ሙግት ዕውቀትን አጥረው በሩ ላይ ቆመው በሰው የሚያፌዙ አሉ ብሎ ያምናል፤ ሲያምን ደግሞ ይጮኻል። ጮኾ ሲያበቃ ቋንቋ ሠራላት፤ ለኮምፒውተር የሚጻፍ፣ ግን ሰው በአፉ እንደሚናገረው ያለ። ኳስ፣ ሳጥን፣ ቱቦ። አጣብቅ፣ ቁረጥ፣ ጎትት፣ አጉብጥ። ከዚህ የሚበልጥ እምብዛም የለውም። «ኳስ 40፤ ወደፊት ጎትት፤ ከውጭ በኩል 8 ቁረጥ» ብላ ስትጽፍ ቅርጹ ርዝመትም ወርድም ከፍታም ይዞ ስክሪኑ ላይ ይሽከረከራል፤ ከወደደችው ጥግ ላይ ያለው ማሽን ፕላስቲክ እያቀለጠ፣ ድርብ በድርብ እየካበ ይሠራላታል።

አንድ ነገር አጥብቆ አስተማራት። «ቋንቋው የሚሠራው ያልሽውን ብቻ ነው፣ እትዬ። ቅርጹ ከተበላሸ ማሽኑን አትሳደቢ፤ የጻፍሽውን መልሰሽ አንብቢ።»

«መሳደቡን ላንተ ትቼዋለሁ» አለችው።

የሚሠራበት ድርጅት ቋንቋውን ለትምህርት ቤቶች ላዘጋጀው ሲል ደስ ብሎት ፈርሞ አስረከበ። ለሁሉም ይድረስ ብሎ የራሱን ቅጂ እንኳ አላስቀረም። የተጻፈውን ወደ ቅርጽ የሚለውጠው ስሌት ከእህቱ አሮጌ ኮምፒውተር ወደ ድርጅቱ ትልልቅ ማሽኖች ተዛወረ፤ ፎርማው ቶሎ ቶሎ ስለወጣላት እሷም መረቀችው።

ከዚያ ስብሰባ ተጠራ። ሥራ አስኪያጁ ድምፁን ከፍ የማያደርግ ሰው ነው። «ልጆቹ የሚሠሩት ቅርጽ ሁሉ ጎርበጥባጣ ነው፣ መምህራኑ ያማርራሉ» አለ። «እንግዲህ ቋንቋው ራሱ ያቃናላቸው። ትንንሽ ጉብታና ጎድጓዳ ካየ የእጅ ስህተት ነው ብሎ ይደልድለው። ጀማሪ አይደንግጥብን።»

አቶ ሙግት ይህን አስቀድሞ ሰምቶ ስለነበር አንዲት ቃል ሊጠይቅ ተዘጋጅቶ ነው የገባው። «እንዳለ» የምትባል ቃል። በመስመሩ ጫፍ ላይ ከተጻፈች ቋንቋው ቅርጹን ሳይነካ ይተወዋል። ጠየቀ።

«ማን ይጠቀምባታል?»

«እህቴ። ጎድጓዳው ለእሷ ስህተት አይደለም፣ የሰው እግር ነው።»

ሥራ አስኪያጁ ብዕሩን አነሳ። «መጥፎ ሐሳብ አይደለም። ጀማሪን አያደናግርም ትላለህ?»

ብዕሩ ወረቀቱን ሊነካ ምንም አልቀረውም። «አያደናግርም» ብሎ መቀመጥ ይበቃ ነበር፤ ዝም አይነቅዝም። አቶ ሙግት ግን «ጀማሪ» የምትለውን ቃል ከዚህ ሰው አፍ ሲሰማ ደሙ ፈላ።

«ጀማሪ ማለት ደደብ ማለት መሰለዎት?» አለ። «ሰው ጠማማ ከሠራ ጠማማ መሥራቱን ይየው፣ የሚማረው ከዚያ ነው። እርስዎ ደግነት የሚሉት ንቀት ነው። የልጁን አፍ ይዘው እርስዎ ይናገሩለታል፤ ከዚያ ተናገረልን ብለው ያጨበጭባሉ።»

አጠገቡ የነበረችው ሒሳብ ሠራተኛ በክርኗ ጎሸመችው። «ያዝ እንጂ ምላስህን።»

እሷንም አልማራት። «እናንተ ደግሞ ራሳችሁን ትነቀንቃላችሁ። እንሽላሊትም ይነቀንቃል፤ እሱ ግን ደመወዝ አይበላበትም።»

ተናግሮ ሲጨርስ ከተናገረው ውስጥ ሐሰት የሚባል አልነበረም። የሚደግፈው ሰውም አልነበረም። ሥራ አስኪያጁ ብዕሩን መልሶ አስቀመጠና፣ «ወደሚቀጥለው እንለፍ» አለ።

ለእህቱ አልነገራትም። ተሸነፍኩ ከማለት፣ አንድ መላ አላጣም ብሎ መዋል ቀለለው።

በዚያው ሰሞን አንድ ጡረተኛ ፖስተኛ ጫማ አዘዛት። ቀኝ እግሩ ተሰብሮ፣ ወደ ውስጥ ጠሞ የገጠመ ሽማግሌ ነው። አቶ ሙግት ሱቋ ሲገባ ማሽኑ አጠገብ የቀኝ እግር ፎርማ ተከምሯል፤ አንዳቸውም የሽማግሌውን እግር አይመስሉም። እህቱ መነጽሯን አፍንጫዋ ላይ አውርዳ የጻፈችውን በጣቷ እየተከተለች ታነባለች።

«አረጀሁ መሰለኝ» አለች ቀና ሳትል። «ስምንት ቁረጥ ብለው አይቆርጥም። አሥር ብለው አይቆርጥም። ቁጥሩን ከፍ ሳደርገው ደግሞ እግሩን ይገነጥለዋል። ጥፋቴን ፈልጌ አጣሁት፤ እስቲ አንተ አንብብልኝ።»

አነበበው። አንድ ግድፈት አልነበረበትም። እዚያው ቆሞ ሁሉንም ነገራት፤ ጎድጓዳውን ስህተት ነው ብሎ የሚደለድልባት ቋንቋው ራሱ መሆኑን፣ «እንዳለ» የምትባለውን ቃልም።

«ቃሏን ሊሰጡህ ነበር?»

«ብዕሩን አንስቶ ነበር።»

«እና ሰደብከው።»

«እውነቱን ነገርኩት።»

«እውነቱን እኔ ምን ላድርገው፣ ቆዳ ልወጥርበት?» መነጽሯን አወለቀች። «ብትለምንልኝ ምን ነበረበት?»

በማግስቱ ሄዶ ለመነ። ሥራ አስኪያጁ በትዕግሥት ሰማው፤ ትከሻውንም መታ መታ አደረገው። «ያን ቀን እንዲህ ብለኸኝ ቢሆን፣ ወንድሜ። አሁን ለትምህርት ቤቶቹ ሄዷል፣ መንካት አይቻልም። ይቅርታህን ግን ተቀብያለሁ።»

«አመሰግናለሁ» አለ አቶ ሙግት።

የቀረው ሞረድ ነበር። እህቱ ፕላስቲኩን ሞረደች፣ ጣቶቿ እምቢ እስኪሏት። ሞረዱን እሱ ተቀበላት፤ ከኪቦርድ ሌላ ባልለመደ እጁ ተረከዙን ሸረፈና መለሰላት። ከተረፉት ፎርማዎች ውስጥ በሚሻለው ላይ ጫማውን ሰፋች።

ፖስተኛው ጫማውን አጥልቆ እስከ በሩ ሄደና ተመልሶ ወንበሩ ላይ ተቀመጠ። ከንፈሩን ነክሷል።

«ያምዎታል፣ አባቴ?» አለች ጫማ ሰፊዋ።

«ጠማማው የኔ እግር ነው ልጄ፣ ጫማው ምን አጠፋ? እግሬ ይለምደዋል።»

«የለም፣ ያውልቁት። እንጨት ፈልጌ በእጄ እጠርብልዎታለሁ።»

ሽማግሌው ጣቶቿን አየ። ከዚያ እግሩን ከወንበሩ ሥር ሰበሰበ። «አምሮብኛል» አላት። «አትድከሚ።»

አመስግኖ ወጣ። መንገዱ ላይ ጥቂት እንደሄደ ግድግዳ ያዘ። እህቱ እንዳየችው እንዳያውቅ ፊቷን ወደ ውስጥ መለሰች። አቶ ሙግት ግን፣ ሽማግሌው ከአንዱ ግድግዳ ወደ ሌላው እየተደገፈ፣ እስከ መታጠፊያው ድረስ ሲሄድ አየው።