ትንሹ ትራምፖሊን

ሰፈሩ «ሜትሯ» ይለኛል። ልብስ ሊያሰፋ የመጣ ሰው ገብቶ እስኪቀመጥ እኔ ትከሻውንም ወገቡንም በዓይኔ ለክቼ ጨርሻለሁ፤ አንገቴ ላይ የምታዩት ሜትር ለወጉ ያህል የተንጠለጠለ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ በዚህ ዓይን ሠርቼ ኖሬያለሁ፣ አሳፍሮኝም አያውቅም።

ወንድሜ ሲደውል ሱሪ እየቀመቀምኩ ነበር። ለሥራ ወደ እኛ ዘንድ ብቅ ስለሚል፣ ልጁ የልደቱን ቀን እኔ ጋ እንዲውል አስቧል። ልጁ ማለት እንግዲህ እኔ ያሳደግኩት ነው። እናቱ በወሊድ ከሞተች ጀምሮ እስከ ስድስት ዓመቱ ድረስ ከእቅፌ አልወረደም። ከዚያ ወንድሜ ሌላ ሚስት አገባ፣ ሥራውም ሩቅ ሆነና ይዞት ሄደ። አባት ነው፣ ምን ይባላል? አልተጣላሁትም። ቤቱ ብቻ ሰፋብኝ።

«ቀኑን ከወደደው ትምህርት በተዘጋ ቁጥር በየእረፍቱ እልክልሻለሁ» አለኝ ወንድሜ። «ካልወደደው ግን አላስገድደውም። አሁን የራሱ ሐሳብ አለው።»

ምን እንደሚወድማ ከእኔ በላይ ማን ያውቃል! የአልጋዬን ሽቦ በዝላይ የጨረሰው እሱ አይደል? ስልኩን እንደዘጋሁ ትራምፖሊን፣ ያንን የልጆች መዝለያ፣ የሚያከራየው ልጅ ዘንድ ሄድኩ።

አከራዩ ወሬ የሚወድ ወጣት ነው። ትልቅና ትንሽ ትራምፖሊን እንዳለው፣ ትንሹ ለሕፃናት ብቻ እንደሆነ፣ ከበድ ያለ ልጅ ከወጣበት ጨርቁ ረግቦ መሬት እንደሚነካ አስረዳኝና የልጁን ቁመት ጠየቀኝ። መዳፌን ወገቤ ላይ አድርጌ አሳየሁት። አሥር ዓመት ሊሞላው ነው ስለው ግን ግንባሩን ቋጠረ፤ ትልቁን እንድወስድ ከምላሱ ፀጉር እስኪነቀል ለመነኝ። የእኛ ዘር አጭር ነው፣ እኔንስ አታየኝም፣ ትልቁ ደግሞ ያስፈራዋል ብዬ አፉን አስያዝኩት። ለሜትሯ ልክ ሊያስተምር!

የዚያን ሰሞን ደስታዬን አትጠይቁኝ። ስፕሪንጎቹ እግሩን እንዳይቆነጥጡት ከትርፍራፊ ጨርቅ ስፖንጅ የተሞላ ሽፋን ሰፋሁ። ቢጫ ነው፤ ያኔ ቢጫ ካልሆነ አልለብስም ይል ነበር። አብረውት እንዲዘሉ የጋጋሪውን መንታዎችና የነርሷን ልጅ፣ ሌሎችንም የግቢያችንን ልጆች ጠራሁ፣ ሁሉንም ወገቤ የሚደርሱትን መርጬ። መርፌ እየሰካሁ ብቻዬን አወራለሁ፤ እዚህ ጫማውን ያወልቃል፣ እዚህ ኬኩን ይቆርጣል እላለሁ። ጎረቤት ቢሰማኝ ለየላት ይለኝ ነበር። ቤቱ ውስጥ መልስ የሚሰጠኝ የስፌት መኪናዬ ብቻ ናት።

ቀኑ ደረሰ። ትራምፖሊኑ ግቢው መሀል ተተክሎ ሕፃናቱ ሲንጫጩ በሩ ተንኳኳ። ከፈትኩ። ወንድሜ ነው፣ ከጎኑ አንድ ረዘም ያለ ልጅ ቆሟል። እኔ ሞኟ ልጁን አልፌ ከኋላቸው ዝቅ ብዬ ፈለግኩ።

«አክስቴ፣ እኔ ነኝ» አለኝ ረጅሙ ልጅ።

አቀፍኩት። ድሮ ሳቅፈው ፊቱ ሆዴ ላይ ነበር የሚያርፈው፤ አሁን ራሱ ጆሮዬ ጋ ደረሰና እጄን የት እንደማሳርፍ ጠፋኝ። ወንድሜ ወደ ሥራው ሄደ።

ትራምፖሊኑን ሊቆጣጠር ግቢው ውስጥ የቀረው አከራይ ልጁን አየው፣ ቀጥሎ እኔን አየኝ፣ ራሱን ነቀነቀ። ትልቁን ለዕለቱ ለሌላ ሰው አከራይቶታል። ልጁ እኔ ሳልነግረው ገባውና ችግር የለውም አለ። ከዚያ በገዛ ልደቱ እንደ ሞግዚት ትራምፖሊኑን በከበበው መረብ በር ላይ ቆሞ ሕፃናቱን ሲያወጣና ሲያወርድ፣ የጫማ ክራቸውን ሲያስር ዋለ። ኬኩን ቆረጠ፣ አመሰገነ። ቢጫውን ሽፋን ዳሰስ አድርጎ ቆንጆ ነው አለኝ፣ ልክ እንግዳ እንደሚለው። አንጀቴን በላው። ምነው ባለቀሰ፣ ምነው በተቆጣኝ አልኩ፤ የሚያለቅሰውን ልጅ ማባበልስ እችልበት ነበር።

አመሻሹ ላይ ወንድሜ ሊወስደው መጣ። እዚያው ፊቴ፣ በእረፍቱ ትመጣለህ ወይ ብሎ ጠየቀው። ልጁ ትራምፖሊኑን አየ፣ እኔን አየ። ሊያስቀይመኝ አልፈለገም።

«እናያለን» አለ።

ሄዱ። አከራዩ ስፕሪንጎቹን አንድ በአንድ ሲፈታ እኔ ደረጃው ላይ ተቀምጬ አየዋለሁ። ከእጄ የሚወጣ የልጅ ልብስ ሁሉ ከጫፉ ወደ ውስጥ የታጠፈ ትርፍ ጨርቅ አለው። ልጅ ነው ያድጋል፣ ሲያጥርበት ፍቱለት እላለሁ እናቶቹን። ለሰፈሩ ልጅ ሁሉ ትርፍ እየተውኩ ኖሬ ለራሴ ልጅ አልተውኩም። እሱ እዚያ ሲያድግ እኔ እዚህ ወገቤ ላይ አቁሜው ነበር። ከሄደ ወዲህ ፎቶውን ብቻ ይልኩልኛል፤ ፎቶ ግን ፊት ነው፣ ቁመት አይናገርም።

ተነሳሁና ሜትሩን ከአንገቴ አወረድኩ። ጫማዬን አውልቄ አንዱን ጫፍ በተረከዜ ረገጥኩ፣ ሌላውን የእሱ ራስ እስከደረሰበት እስከ ጆሮዬ ሳብኩ። አራት ጣት ትርፍ ጨመርኩበት። ልኩን ለአከራዩ ነገርኩትና ለእረፍቱ ትልቁን እንዲያቆይልኝ ለመንኩት።

«ልጁ ይመጣል እንዴ፣ እትዬ?» አለኝ።

«እናያለን» አልኩት።