የመቶ አለቃ ከፈለኝ ሚግ

ወልደአማኑኤል አሥራ አንድ ዓመት የአየር ኃይል መካኒክ ነበር። እግሩ ከተጎዳ በኋላ ቴፒ መጥቶ በቡና እርሻ ጋራዥ ተቀጠረና የቡና መፈልፈያ ሲጠግን ይውል ጀመር። በ1981 ክረምት መግቢያ ላይ፣ ጥቁር የለበሱ አሮጊት ከሚዛን በጭነት መኪና ተሳፍረው መጥተው ደጁ ላይ ቆሙ። ሚጉ ተመትቶ የቀረው አብራሪ፣ የመቶ አለቃ ከፈለኝ እናት፣ ወይዘሮ አጸደ ነበሩ።

«የልጄን አውሮፕላን የምታሰናዳው አንተ ነበርክ አሉኝ» አሉት። «ከሞተ አራት ዓመቱ ነው፤ የምቀብረው እንኳ አልሰጡኝም። እስቲ አውሮፕላኑን ሥራልኝ፣ ምን እንደሚመስል ልየው።»

እምቢ ማለት አቃተው።

ስልሳ ሳንቲሜትር አድርጎ ሚጉን ከዋንዛ እንጨት ጠረበው። የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ቀጥቅጦ አሳስቶ አለበሰው፤ እውነተኛውን እንዲመስል የምስማሮቹን ራስ አንድ በአንድ በመርፌ ጫፍ ነቆጠ። የአፍንጫውን ሾጣጣ አረንጓዴ ቀባ፣ የጭስ ማውጫውን በጥላሸት አጠቆረ። ጎኑ ላይ የሚጻፈውን ቁጥር ማንንም መጠየቅ አላስፈለገውም። ለአብራሪው መስታወት፣ ከአማን ከተማ ያገኘውን አሮጌ የደረት ራጅ ፊልም በበረኪና አጥቦ፣ በእሳት አለስልሶ ቅርጽ አወጣለት። በመጨረሻ አውራ ጣት የምታህል አብራሪ ቀረጸ። ከፈለኝ ግራ ቅንድቡ ላይ ጠባሳ ነበረው፤ እሷንም አልዘለላትም።

አብራሪውን ወንበሩ ላይ አስቀምጦ በከደነ ማግስት መስታወቱ ከውስጥ ደመነ። ቴፒ ነው፣ ክረምት ነው ብሎ ጠረገው። ከምሳ ሲመለስ እንደገና ደምኗል። ጭጋጓ ከአብራሪው ፊት ትይዩ ብቻ ናት፤ ትጠባለች፣ መልሳ ትሰፋለች። አብራሪውን አውጥቶ ባዶውን ከደነው። ሦስት ቀን ሙሉ ዝናቡ ሳያባራ መስታወቱ ጠርቶ ሰነበተ። መልሶ አስቀመጠው፤ እጁን ታጥቦ ሳይመለስ ደመነ።

ሚስቱ የሺሃረግ ጎንበስ ብላ አየችና ወደ ኋላዋ አፈገፈገች።

«ይተነፍሳል» አለች በሹክሹክታ።

ያን ጊዜ ለእሷም ያልነገራትን ነገራት። ከፈለኝ በተመታ ቀን አብሮት የበረረው ጓደኛው፣ ዣንጥላ ሲከፈት አይቻለሁ ብሎ በሬዲዮ ተናግሯል። ወልደአማኑኤል ሬዲዮ ክፍሉ ውስጥ ነበርና በጆሮው ሰምቷል። አንድ አለቃ ግን እዚያ የነበሩትን ሰብስቦ፣ «ሞቷል። ሌላ የሰማ የለም» አላቸው። ማንም አልተነፈሰም፤ እሱም ዝም አለ።

ወይዘሮ አጸደ ሊወስዱት ሲመጡ ሁሉንም አንድ ሳያስቀር ነገራቸው። ዓይናቸውን ከመስታወቱ ላይ ሳይነቅሉ ሰሙት።

«ተስካሩን ሳወጣ ታውቅ ነበር?»

«አውቅ ነበር፣ እማማ።»

አልረገሙትም። ጥቁር ሻሻቸውን ፈትተው የእንጨት ፍቅፋቂው ላይ ጣሉት። የመጡበት መኪና ላይ ወጥተው አውሮፕላኑን ጭናቸው ላይ አደረጉና መስታወቱን በጥፍራቸው ትንሽ ከፈት አደረጉት።

«አየር ያግኝ» አሉ።

በሳምንቱ ቀበሌ ጠራው። ወይዘሮ አጸደ ልጄ አልሞተም እያሉ ሚዛንን አዳርሰዋል።

«ይህን ወሬ ማን ነገራቸው?» አለ ሊቀመንበሩ ጓድ ባየ።

ወልደአማኑኤል አላውቅም ቢል እንደሚለቁት ያውቃል።

«እኔ ነኝ» አለ። «የሰማሁትን ነው የነገርኳቸው።»

ዘጠኝ ቀን አሰሩት። በተፈታ ዕለት ቤቱ ገብቶ ልብሱን እንኳ ሳይቀይር ሚዛን የሚሄድ መኪና ፈልጎ ተሳፈረ። ወይዘሮ አጸደ ነጭ ለብሰው ቤታቸው መስኮቱ ሥር ተቀምጠዋል፤ አውሮፕላኑ አጠገባቸው ወንበር ላይ በጋቢ እስከ ክንፉ ተሸፍኗል። እንደምን ዋሉ ሊል አፉን ሲከፍት ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

«ቀስ በል፣ ልጄ» አሉት። «ከትናንት ጀምሮ ያስለዋል።»